የቅኔ ተማሪ ደበሎና አኩፋዳ
የበግ ለምድና የቁራሽ መያዣ፤ ጎጃም

የደበሎው ትከሻ ጠጉሩ ረግፎ ቆዳው ብቻ ቀርቷል፤ የአኩፋዳው ማንገቻ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ተማሪ እንዲህ ለብሶ መምህር ፍለጋ አገር ያቋርጥ ነበር። ጎጃም ውስጥ ጽላሎ የደረሰው ግን ወንበር ዘርግተው ያገኛቸው መምህር ሴት ነበሩ፦ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ።

በልጅነታቸው ዓይነ ስውር ሆኑ፤ ቅኔን ከአባታቸው ከመምህር ሐዲስ ኪዳን ተማሩ። ቅኔ ቤት ደግሞ ሥራው ሁሉ በቃል ነው። ተማሪው፣ ባለ 2 ቤት (ስንኝ) ጉባኤ ቃናም ይሁን ባለ 8 ቤት መወድስ፣ ሲቆጥር (ሲያዘጋጅ) የዋለውን ቀርቦ ይነግር ነበር፤ እሳቸውም በጆሯቸው ሰምተው ስሕተቱን እዚያው ያርሙለት ነበር። ሴት ማኅሌት ቆማ ቅኔ በማታቀርብበት ቤተ ክርስቲያን፣ እሳቸው ያቃኑት ቅኔ በደቀ መዛሙርታቸው አንደበት ይሰማ ነበር።