የአምባው ተረትና የአምባው መጽሐፍ

በዛሬው ዘመን ወጣቶች ከቍጥር ወደ ቍጥር እየተከተሉ የሚያነቡት አንድ ዐይነት ጽሑፍ አለ። ይኸውም ኮሚክ የተባለው፥ ገጹ በሥዕል ተከፋፍሎ፥ ንግግሩ ከተናጋሪው አፍ አጠገብ እየተጻፈ የሚተረክ ታሪክ ነው። ጀግናው በጠላት እጅ ሲወድቅ ያንዱ ወር ቍጥር ያልቃልና፥ አንባቢው የሚቀጥለው እስኪወጣ ድረስ ልቡ አያርፍም። የሚተረከውም ስለ ሌላ ዓለም ፍጥረት፥ ገና ስላልተሠራ መሣሪያ፥ ከሰው ዐይን ስለ ተሰወረ መንግሥት ነው። ብዙ ወላጆች ይህን ከባሕር ማዶ የመጣ ከንቱ ጨዋታ ነው ብለው ይነቅፉታል። ነገር ግን በተራራ ተከቦ ከዓለም የተሰወረው መንግሥት የሚባለው ተረት ሥሩ ተቈፍሮ ቢታይ፥ ከሥሮቹ አንዱ በወሎ ምድር፥ በአምባሰል ይገኛል።

በ1966 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች የሚነገረውም ዓመት ኹሉ በዚሁ ነው) ስታን ሊ የደረሰውና ጃክ ከርቢ የሣለው «ፋንታስቲክ ፎር» የተባለው የአሜሪካ ኮሚክ በ52ኛው ቍጥሩ ዋካንዳ የተባለውን፥ በአፍሪካ ውስጥ ተሰውሮ የሚኖረውን ባለጸጋ መንግሥት ለአንባቢዎቹ አስተዋወቀ። የዚሁ አገር ንጉሥ ብላክ ፓንተር በ2018 በወጣው ፊልም በዓለም ኹሉ ታውቋል። ከሁለት ወር በኋላ በወጣው በ54ኛው ቍጥር ደግሞ ከዋካንዳ ተነሥተው የሚጓዙ ሁለት ወጣቶች ከረዥም እንቅልፍ የነቃ አንድ ሰው ያገኛሉ። ስሙ ቄሱ ዮሐንስ ነው! ይህ የኢትዮጵያ ነገሥታት በአውሮፓ የተጠሩበት ስም መኾኑን አንባቢ ያውቃል። ደራሲዎቹ አምባሰልን አስበው ጻፉ ማለት አይደለም፤ ተረት የወጣበትን አገር ረስቶም ይጓዛልና።

ተረቱ ከአገር የወጣበት በር ግን የታወቀ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ ተቀምጦ የጻፈው መጽሐፍ በ1540 በአገሩ ታተመ፤ ስሙም የቄሱ ዮሐንስን አገር እውነተኛ ወሬ የሚያስረዳ የሚል ነበር። በዚህ መጽሐፍ የሐይቅን ባሕርና በደሴቱ ላይ ያለውን የእስጢፋኖስን ገዳም፥ ደግሞም የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩበትን አምባ ይገልጻል። አምባው ግሸን ነው። ራሱ እንደ መስቀል የተዘረጋ፥ ዙሪያው ገደል የኾነ ተራራ ስለ ኾነ፥ ለዙፋን ያልተመረጡት ልጆች ወንድማቸውን እንዳይወጉ በዚያ ይጠበቁ ነበር። አልቫሬዝ ያየውም ተድላ አልነበረም። አንድ መነኩሴ ከታሰሩት መሳፍንት መልእክት አደረስህ ተብሎ፥ አምባውን ይጠብቁ ከነበሩት ሰዎች ጋራ ሲገረፍ መመልከቱን ጽፏል።

እንግዲህ ከዚህ ግርፋት የምድር ገነት እንዴት ወጣ? በ1610 ሉዊስ ዴ ኡሬታ የተባለ የስጳኝ መነኩሴ ኢትዮጵያን ሳያይ ስለ ኢትዮጵያ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። እሱ አማራ ብሎ በጠራው ተራራ ላይ ቤተ መንግሥትና የአትክልት ቦታ አኖረበት፤ ከዚህም ሌላ ከሰሎሞንና ከሄኖክ ዘመን ዠምሮ የተጻፈ መጽሐፍ ኹሉ የተከማቸበት፥ ቍጥሩ ለመስማት የሚከብድ ቤተ መጻሕፍት ሠራለት። ውሸቱ እጅግ ስለ በዛ፥ በኢትዮጵያ የነበረው የኢየሱሳውያን ካህን ጴሮ ፓይስ እሱን ለመቃወም ሌላ ትልቅ መጽሐፍ ለመጻፍ ተገደደ። ይኹን እንጂ የፓይስ እውነት በእጅ ጽሑፍ ብቻ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ሲቀመጥ፥ የኡሬታ ልብ ወለድ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። ሚልተን በ1667 ባወጣው «የጠፋችው ገነት» በተባለው ግጥሙ የአማራን ተራራ ከገነት ጋራ አነጻጸረው፤ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 «ራስላስ» በተባለው መጽሐፉ የኢትዮጵያን ልዑል ተድላ በሞላበት ሸለቆ ውስጥ ዘጋበት። የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ ራስላስን አቶ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታልና፥ ከአምባሰል የወጣው ተረት ሌላ ልብስ ለብሶ ወደ አገሩ ተመለሰ። የሚሰማው ሰው ግን ልጁን እንደ እንግዳ ተቀበለው።

ኡሬታ ያላወቀው ነገር ቢኖር በግሸን በእውነት መጽሐፍ መኖሩን ነው። እሱ ከቈጠራቸው አእላፋት መጻሕፍት አንዱም አልነበረም፤ ነገር ግን በግሸን ማርያም ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ዳዊት ዘመን፥ በ1400 ገደማ፥ በወርቅና በቀለም ተሥሎ የተጻፈ ተአምረ ማርያም ተጠብቆ ቈይቷል። ሥዕል ካላቸው የተአምረ ማርያም መጻሕፍት ኹሉ ከጥንታውያኑ የሚቈጠር ነው። ዐፄ ዳዊት ይህን ያጻፉ ንጉሥ ሲኾኑ፥ ልጃቸው ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ በ1434 ለመንግሥት እስኪጠሩ ድረስ በዚያው በግሸን ታስረው የኖሩ ናቸው። በነገሡም ጊዜ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያዘዙ፥ ግሸንንም በመስቀሉ ያከበሩ እሳቸው ናቸው። እስረኛው አምባውን የጠላው አይመስልም።

ስለ ተአምረ ማርያም አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ቅዱሱን መጽሐፍ ከጨዋታ ጋራ ማስተካከል አይገባም፤ የጸሎት መጽሐፍ ነውና። ይኹን እንጂ ሥዕልን ከንባብ ጋራ አስማምቶ ድንቅ ነገርን በየክፍሉ መንገር ለዚህ አገር ሰው አዲስ እንዳልኾነ የሚመሰክር እሱ ነው። ተአምራቱ በመጀመሪያ በአውሮፓ ተሰብስበው፥ ወደ ዐረብኛ ተመልሰው፥ ከዐረብኛም ወደ ግእዝ የተተረጐሙ ናቸው፤ እነርሱም ከባሕር ማዶ መጡ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ጸሐፍት የራሳቸውን አገር ተአምር እየጨመሩ መጽሐፉን በየዘመኑ አሳደጉት። ሕዝቡም በዓሉ በደረሰ ቍጥር አንዱን ተአምር ሰምቶ ይመለሳል፥ ሌላውን ለመስማት ደግሞ ይመጣል። ሠዓሊዎቹ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሲሥሉ ገጹን ከፍለው፥ አስቀድሞ ሰው ሲበላ፥ ቀጥሎ ለተጠማው ድኻ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሲሰጥ፥ በመጨረሻም 78 ነፍስ በሚዛን ሲመዘንበትና ጥርኙ ውኃ ሲደፋ በተራ ያሳያሉ፤ ከየሥዕሉም በላይ ምን እንደ ኾነ ባጭሩ ይጽፋሉ። ግእዝ የማያውቅ ገበሬ እንኳ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ያነበው በዚህ ነበር።

የሐይቅም ነገር ከዚህ አይርቅም። የአገሩ ሰው ስለ ባሕሩ ሲናገር፥ አንዲት ልዕልት ነፍሰ ጡር ሴትን ስለ በደለች ምድሩ ኹሉ ውኃ ኾነ፥ የተበደለችው የተቀመጠችበት ስፍራ ብቻ ደሴት ኾኖ ቀረ ይላል። በዚያ ደሴት ላይ፥ ዛሬ ውኃው ሸሽቶ ከየብስ ጋራ በተያያዘው፥ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገዳሙን አቀኑ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሩበት አንዱ ይህ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1280 ወይም በ1281 ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል የቅዱሳን ሥዕል ያለበት ነው። በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር በደረሰ ጊዜ መነኮሳቱ የገዳሙን ወርቅ ሰጥተው ቤተ ክርስቲያኑን ከእሳት ማዳናቸውን የኢማሙ ታሪክ ጸሓፊ ራሱ ይናገራል። ወንጌሉም እስከ ዘመናችን ደርሶ በፊልም ተነሥቷል፤ የፊልሙም ቍጥር 1832 ነው።

በ2018 ኢታን ኮሚክስ የተባለ የኢትዮጵያውያን ድርጅት «ጀምበር» የተባለውን የጀግና ታሪክ በእንግሊዝኛና በአማርኛ አወጣ፤ ቀጥሎም «ሐዊ» የተባለች ጀግና ሴት ያለችበትን ዠመረ። የሐዊን ታሪክ የምትከተል የሐይቅ ከተማ ልጅ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ብትሄድ፥ ሴት የማይገባበት ነውና ከበሩ ትመለሳለች። የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ሥዕሎች ለእሷ የሚታዩት በፊልሙ ብቻ ነው።