«አዎ» ስንል «የስ» ስንል

ከመካከላችን በእንግሊዝኛው ያልተሳቀበት ካለ እስቲ እጁን ያውጣ! አንዱ ተነሥቶ «ቱደይ ሞርኒንግ» ሲል ከኋላ ወንበር ሳቁ ይፈነዳል። ልጁ ምን አጠፋ? «ዛሬ ጠዋት»ን እንዳለ አሻገረው። እንግሊዞቹ «ይህ ጠዋት» ይላሉ፤ ልማዳቸው ነው።

ይህ ሳቅ ታሪክ አለው። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አንኮበር ብንወጣ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ1839 ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉ ጀርመናውያን፣ በአንድ የእንግሊዝ ሚሲዮን ማኅበር ተልከው ሸዋ ሲገቡ፣ ቋንቋ የመማሩ ዕዳ የእነሱ ነበር። ኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በ1841፣ የሰዋስው መጽሐፉን በ1842 ለንደን ላይ አሳተመ። ካፒቴን ሃሪስ በ1841 የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሲቀርብና ውሉ ሲፈረም ያስተረጎመውም ክራፕፍ ነው። ንጉሡን «እንግሊዝኛቸው ተሰባበረ» ብሎ ሊስቅ የሚደፍር ማን ነበር?

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ሸክሙ ትከሻ ለወጠ። ጣሊያን ተባሮ፣ እንግሊዞች አብረው ሲገቡ፣ ትምህርት ቤቱ ወደ እንግሊዝኛ አዘነበለ፤ ከጦርነቱ በፊት ጎልቶ የነበረው ፈረንሳይኛ ወደ ጥግ ተገፋ። (ጋራዡ ግን ለጣሊያንኛ ታማኝ ሆኖ ቀረ፤ «ጎማ»፣ «ካምቢዮ» የሚለውን መካኒክ ሰዋስው የሚያርመው የለም።)

እንግዲህ ወደ ሥራ ቦታ እንምጣ። የደብረ ብርሃን ልጅ ፋብሪካ ተቀጥሮ የውጭ አገር ቴክኒሻን አጠገብ ቆሟል እንበል። መኪናው ቀጥ ሲል «ሂ ስቶፕድ!» ይላል፤ ፈረንጁ የቆመውን ሰውዬ ይፈልጋል። አማርኛ ለግዑዝ የተለየ ተውላጠ ስም የለውማ! ወይ እሱ ነው ወይ እሷ። ደግሞ አለቃው «አልመጣም» ብሎ ልኮት እንደሆነ «ሂ ሴድ አይ ዶንት ካም» ብሎ ያደርሳል። በእኛ ወግ የሰውን ቃል እንዳለ ማድረስ የታማኝ መልእክተኛ ሥራ ነው፤ ፈረንጁ ግን የማይመጣው ፊቱ የቆመው ልጅ ይመስለዋል።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። የማያስቀው «የስ» ነው። ቴክኒሻኑ በፈረቃ መለወጫ ሰዓት «የእንፋሎቱን ቧንቧ አልዘጋኸውም?» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። ልጁ በአማርኛ ያስባል፦ «አዎ፣ አልዘጋሁትም»። ከአፉ የሚወጣው ግን «የስ» ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ይህ «ዘግቼዋለሁ» ማለት ነው! የእኛ «አዎ» የጠያቂውን አባባል ያጸድቃል፤ የእነሱ «የስ» ግን አባባሉ አሉታ ቢሆንም ድርጊቱ መፈጸሙን ይናገራል። ሁለቱም በየቋንቋቸው እውነት ተናግረው፣ ቧንቧው ክፍት እንደሆነ ተለያዩ። ሰው ቢቃጠል ጥፋቱ የማን ሊባል ነው? የልጁ ነው እንጂ! «እንግሊዝኛ አይችልም» ይባላላ። ጠያቂው «ተዘግቷል ወይስ ክፍት ነው?» ቢል ኖሮ «የስ»ም አያስፈልግ ነበር።

እኛ ስንማር «ኦልዶ» ካልክ «በት» አትበል እየተባልን በቀይ እስክሪብቶ ስንቴ ተሰረዝን! «ምንም እንኳ» ብለን «ግን» ማለት ስለለመድን ነው። ማንም በዚያ አይሞትም። ስለዚህች «የስ» ግን አንድም ቀን ክፍል ውስጥ ሲነገረን አናስታውስም።