ቢትኮይን ከሳሎን እንዴት ወጣ?

እ.ኤ.አ. በ2009 ቢትኮይን ሲጀመር ለማይኒንግ ተራ የቤት ኮምፒውተር ይበቃ ነበር። ፈጣሪው ሳቶሺ ናካሞቶ ያሰበውም እያንዳንዱ ፕሮሰሰር እንደ አንድ ድምፅ እንዲቆጠር ነው። ሐሳቡ ግን ብዙ አልቆየም። በ2010 የጌም ግራፊክስ ካርዶች ፕሮሰሰሩን ቀደሙት። በ2013 ደግሞ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራው ኤሲክ መጥቶ ሁለቱንም ከገበያ አስወጣቸው።

ከዚያ ወዲህ ማሽን ከማሽን የሚለየው በመብራት ፍጆታው ነው። የ2016ቱ አንትማይነር ኤስ9 ለአንድ ቴራሃሽ 100 ጁል ገደማ ይበላል፤ በ2023 ይፋ የሆነው ኤስ21 ግን 17.5 ጁል ብቻ። ቆጣቢ የተባለው ይኸው ኤስ21 በጠቅላላው 3,500 ዋት ይስባል። ሌት ተቀን የማይጠፋ የእንጀራ ምጣድ ቤት ውስጥ እንደማኖር ነው፤ ጩኸቱና ሙቀቱ ሳይቆጠር።

ሽልማቱም በየ4 ዓመቱ ገደማ በግማሽ እየተቀነሰ ከ50 ቢትኮይን ወደ 3.125 ወርዷል። ስለዚህ ውድድሩ ርካሽ መብራት በጅምላ ወደሚገዙ መጋዘኖች ሄደ። ዛሬ አሮጌ ማሽን «ለቤት የሚሆን» ተብሎ በርካሽ ሲቀርብ፣ ባለመጋዘኑ ለምን እንደጣለው መጠየቅ ይበጃል። ማሽኑ የሚገዛው አንዴ ነው፤ የመብራት ቢሉ ግን በየወሩ ይመጣል።