ቤዛው ለማን ተከፈለ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጌታችን ነፍሱን ለብዙዎች ቤዛ አድርጎ ሊሰጥ እንደመጣ በማርቆስ ወንጌል 10፥45 ተጽፏል። ቤዛ ምርኮኛ የሚዋጅበት ዋጋ ነው። ዋጋ ከተከፈለ ተቀባዩ ማን ነው? ይህ ጥያቄ ሊቃውንትን ለዘመናት አነጋግሯል፤ ዛሬም በየግቢ ጉባኤው ይነሣል። የምንሰጠው መልስ ስለ እግዚአብሔር አብ ያለንን አሳብ ይገልጣልና በጥንቃቄ ልናየው ይገባል።

በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ኦሪጎን፣ ነፍሳችንን ይዞ የነበረው ዲያብሎስ ስለሆነ ቤዛው የተሰጠው ለእርሱ ነው አለ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፍ ነገሩን ከሥሩ አየው። ትሞታለህ የተባለው ቃል አይታጠፍም፤ ንስሐ ብቻውንም በባሕርያችን የገባውን ጥፋት አያስወግድም። ስለዚህ ቃል የሚሞት ሥጋን ነሣ፤ ስለ ሁሉ ለሞት አሳልፎ ሰጠው፤ ሞትንም በሞቱ ሻረ።

የቅዱስ ባስልዮስ ታናሽ ወንድም ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ግን የቤዛውን ተቀባይ ጉዳይ በመንጠቆ ምሳሌ አስረዳ፦ ዲያብሎስ ሥጋውን አይቶ እንደ ዓሣ ሊውጥ ቀረበ፤ በሥጋ የተሰወረው መለኮት ያዘው።

የዘመኑ ሰው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በ45ኛው ድርሳኑ የተለየ መልስ ሰጠ። ወንበዴ ስለ ዘረፈው ምርኮ የአምላክን ደም ዋጋ አድርጎ መቀበሉ ነውር ነው አለ። ለአብ ተከፈለ እንዳይባልም፣ ማርኮ የያዘን አብ አልነበረም፤ አብርሃም ይስሐቅን ባቀረበ ጊዜ እንኳ በልጁ ፈንታ በግ ሰጠው። እንግዲህ አብ መሥዋዕቱን የተቀበለው ጠይቆ ወይም ቸግሮት ሳይሆን፣ ሰው በአምላክ ሰው መሆን ይቀደስ ዘንድ ነው።

በምዕራቡ ዓለም ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሰልም እ.ኤ.አ. በ1098 በፈጸመው መጽሐፍ፣ ኃጢአት የእግዚአብሔርን ክብር መንፈግ ስለሆነ ሰው ሊከፍለው ያልቻለውን ካሳ ሰው የሆነው አምላክ ከፈለ አለ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካልቪን መስቀሉን በኃጢአተኞች ፈንታ የተፈጸመ ቅጣት አድርጎ አስተማረ፤ ወደ ሲኦል መውረዱንም ጌታ በነፍሱ የተቀበለው ጭንቅ ነው ብሎ ተረጎመው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ይጎላል። በእኛ ትምህርት ጌታ ወደ ሲኦል የወረደው ሊቀጣ ሳይሆን ሲኦልን ሊበረብር ነው። በ1ኛ ጴጥሮስ 3፥19 እንደተጻፈው በወኅኒ ላሉ ነፍሳት ሰበከ። መለኮቱ በመቃብር ከሥጋው፣ በሲኦልም ከነፍሱ አልተለየም።

ካሳ የሚለውን ቃል እኛም እንጠቀምበታለን። ነገር ግን በአገራችን ሥርዓት የሚክሰው በዳይ ነው፤ አባቶቻችን ጌታን የሚጠሩት ግን ተበድሎ የካሰ ብለው ነው። ስለዚህ መስቀሉ የተቆጣ አባት ልጁን የቀጣበት አይደለም፤ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በአንዲት ፈቃድ ዓለምን የወደዱበት ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ሲኦል ተበረበረ ማለት ግን ገሃነም የለም ማለት አይደለም። በሩን የከፈተልን ጌታ ለፍርድ ይመጣል። የተከፈተውን በር ትተን በፈቃዳችን ወደ እስራቱ እንዳንመለስ በንስሐ እንቅረብ፤ ሥጋውንና ደሙን እንቀበል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።