መርዙን አስቀድሞ የቀመሰው ማን ነው? የጎጂ አልጌ ምርመራ ታሪክ



የጎጂ አልጌ ምርመራ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የመሣሪያዎች መሻሻል ታሪክ ሆኖ ይቀርባል። እኔ ግን ዛሬ በሌላ ጥያቄ ልመለከተው እወዳለሁ፤ በየዘመኑ መርዙን አስቀድሞ የቀመሰው ማን ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1878 ጆርጅ ፍራንሲስ የተባለ የአደሌድ ኬሚስት በደቡብ አውስትራሊያ ስለሚገኘው አሌክሳንድሪና ሐይቅ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ጻፈ። ነፋስ ወደ ዳር የገፋውን፣ አረንጓዴ የዘይት ቀለም የመሰለውን ስልባቦት ከውኃው ጋር የጠጡ በጎች፣ ፈረሶችና ውሾች ሞተው ነበር። ፍራንሲስ ስልባቦቱን ለአንድ በግ አጠጥቶ አሟሟቱን ተከታተለ። የዚያን ዘመን የምርመራ መሣሪያ እንግዲህ የእንስሳ ገላ ነበር።

ማይክሮስኮፕ ዝርያን ለመለየት አስቻለ፤ መርዝን ለመለየት ግን አልበቃም። ማይክሮሲስቲስ ከተባለው ሳይኖባክቴሪያ አንዱ ዘር መርዝ ሲያመነጭ፣ በመልክ የማይለየው ሌላው ላያመነጭ ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ1959 የካናዳ ተመራማሪዎች አይጦችን ፈጥኖ የሚገድለውን ንጥረ ነገር ከዚሁ ሕዋስ ለይተው አወጡ። ዛሬ ማይክሮሲስቲን የምንለው፣ ጉበትን የሚያጠቃው መርዝ እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 በብራዚሏ ካሩአሩ ከተማ የኩላሊት እጥበት ሲደረግላቸው የነበሩ ከ50 በላይ ሕሙማን በተበከለ ውኃ ምክንያት ሞቱ፤ መርዙም በጉበታቸው ውስጥ ተገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ በሊትር 1 ማይክሮግራም የሚል ጊዜያዊ ወሰን አወጣ። የስሌቱ መነሻም የአይጥ ጥናት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካዋ ቶሌዶ ከተማ ግን ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። መርዙ የታወቀው በሆስፒታል ሳይሆን በውኃ ማጣሪያው ቤተ ሙከራ፣ በፀረ እንግዳ አካል በሚሠራ ምርመራ ነበር። ወደ 400,000 የሚጠጋ ሕዝብ የቧንቧ ውኃ እንዳይጠጣ፣ እንዳያፈላውም ታዘዘ፤ ማፍላት መርዙን አያጠፋውምና።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቆቃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ፣ ሰባት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችንን ባካተተ ጥናት ማይክሮሲስቲን ከተገኘባቸው መካከል አንዱ ነው። በዳርቻው ግን ከሐይቁ ቀድተው የሚጠጡ ሰዎች አሉ።

ተማሪዎቼ፣ በጓንት በተሸፈነ እጅ ውኃውን በጠርሙስ ቀድታችሁ ሳትነቀንቁት ብታሳድሩት፣ አረንጓዴው ወደ ላይ ከሰፈፈ ሳይኖባክቴሪያ መሆኑን መጠርጠር ትችላላችሁ። ይህ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ፍርዱ የቤተ ሙከራ ነው። ቤተ ሙከራው ከሐይቁ በራቀ መጠን ግን የፍራንሲስ በግ የነበረበት ቦታ ላይ የሚቆመው ሰው ይሆናል። የናንተ ትውልድ ሥራ ያንን ርቀት ማሳጠር ነው።