በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ልሳን፤ የሊኑክስና የዊንዶውስ መግባባት ታሪክ



የዛሬው ንግግራችን ስለ ሁለት ኮምፒዩተሮች ጉርብትና ነው። ነገሩ ለባለሙያ ብቻ የተተወ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ከጎቢዬ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ ያለችውን ሮቢትን በሐሳቡ ይመልከት። በዚያች የራያ ቆላ ከተማ የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በቤቱ በዊንዶውስ የሚሠራ ኮምፒዩተር አለው እንበል፤ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጁ ደግሞ ለዕረፍት ስትመጣ ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒዩተር ይዛ ገባች እንበል። በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል ያለው ርቀት ቢበዛ አራት እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ አባት የጻፈውን ሪፖርት ልጁ እንድታርምለት ሲፈልግ ፋይሉን በፍላሽ ገልብጦ ይሰጣታል፤ እርሷም አርማ በዚያው መንገድ ትመልሳለች። በማግሥቱ የታረመው ቅጂ የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ይቸገራሉ። ከቢሮ ወደ ቤት፥ ከቤት ወደ ቢሮ የሚመላለስ ፍላሽ ቫይረስ እንደሚያዛምትም የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ለዚህ ችግር መድኃኒቱ ከተገኘ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የተገኘውም በታላቅ ኩባንያ ውስጥ ሳይሆን በአንድ ተማሪ ትጋት ነው። ታሪኩን መስማት ፋይል ከመገልበጥ ያለፈ ትምህርት ይሰጣል፤ ይኸውም ሁለት ወገኖች የሚግባቡበት ደንብ በአንዱ እጅ ተሸሽጎ ሲኖር ምን እንደሚደርስ፥ ለሁሉም ሲገለጥ ደግሞ ምን ጥቅም እንደሚገኝ ያሳያል። ዓመታቱን፥ ዓ.ም. ካላልን በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን።

ኮምፒዩተር ከኮምፒዩተር ጋር ለመነጋገር ደንብ ያስፈልገዋል። ማን አስቀድሞ ይናገራል፥ ጥያቄው በምን ቃል ይቀርባል፥ መልሱስ እንዴት ይሰጣል የሚለውን የሚወስነው ይኸው ደንብ ነው። ፋይል ለመካፈል የሚያገለግለውንና ኤስ ኤም ቢ የተባለውን ደንብ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረው ባሪ ፋይገንባውም ነው። ማይክሮሶፍት ይህንኑ ተቀብሎ እያሰፋ በላን ማኔጀር፥ ኋላም በ1992 ባወጣው ዊንዶውስ ፎር ወርክግሩፕስ ውስጥ አኖረው። ከዚያ ወዲህ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው ፋይል በቀላሉ ይካፈሉ ጀመር። ነገር ግን በደንቡ ላይ የተጨመረው ሁሉ ተሟልቶ ተጽፎ ለውጭ ሰው አይሰጥም ነበርና፥ ከሌላ ወገን የሆነው ኮምፒዩተር ከማኅበሩ ውጭ ቀረ።

በአገራችን የመንግሥት ለውጥ በተደረገበት በ1983 ዓ.ም.፥ ነሐሴ 19 ቀን፥ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኋላ ሊኑክስ የተባለውን ሥራውን ለዓለም አስታወቀ። ሊኑክስ ማንም ሰው ውስጡን ሊመረምረውና ሊያሻሽለው የሚችል፥ ያለ ዋጋም የሚገኝ ሥራ ነው። በዚያው በ1991 መጨረሻ በካንቤራ ከተማ፥ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ፥ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው አንድሩ ትሪጅል በጠረጴዛው ላይ ካለው አነስተኛ ኮምፒዩተር ሆኖ፥ በዩኒክስ በሚሠራው ትልቅ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን ፋይል ማየት ፈለገ። የደንቡ ጽሑፍ ግን በእጁ አልነበረም። ስለዚህ በመስመሩ ላይ የሚመላለሰውን የሚያደምጥ ፕሮግራም ጻፈ፤ ይህ ጥያቄ ሲላክ ያ መልስ ይመጣል እያለ፥ አንድ በአንድ እያስተያየ ደንቡን ተማረ።

ትሪጅል ኋላ ዘዴውን ሲያስረዳ፥ ፈረንሳይኛ የማያውቅ ሰው በፈረንሳይ ቡና ቤት ተቀምጦ፥ ተስተናጋጁ ምን ብሎ እንዳዘዘና ምን እንደ ቀረበለት እየተመለከተ ቋንቋውን ሲማር በሚያሳይ ምሳሌ ገልጾታል። የራያ ሰው ግን ለዚህ ምሳሌ ፈረንሳይ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። በራያ ቆላ ገበያ አማርኛና ትግርኛ ይገናኛሉ፤ ከዞብል ተራራ ማዶ የመጣው አፋርም ከብቱንና ግመሉን ይዞ ይቆማል። ከእናቱ ጋር ገበያ የወጣ ልጅ መምህር ሳይቀጠርለት፥ ሻጩ የጠራውን ዋጋና ገዢው የመለሰውን ቃል እያዳመጠ የጎረቤቱን ልሳን ይለምዳል።

ትሪጅል ፕሮግራሙን በ1992 መጀመሪያ ለሕዝብ ከሰጠ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ትቶት ቆየ። ኋላ ግን የባለቤቱን የዊንዶውስ ኮምፒዩተር ከራሱ የሊኑክስ ኮምፒዩተር ጋር ሊያገናኝ ፈልጎ ያንኑ አሮጌ ሥራውን ቢሞክረው፥ ለራሱም እስኪደንቀው ድረስ ሠራለት። ዛሬ ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች የሚገለገሉበት ሥራ ዳግመኛ የተነሣው እንግዲህ ባልና ሚስት በቤታቸው ፋይል ሊካፈሉ በመፈለጋቸው ነው። በ1994 የፕሮግራሙ ስም በሌላ ድርጅት የተያዘ ሆኖ በተገኘ ጊዜ፥ ትሪጅል በኮምፒዩተሩ ካለው የቃላት ዝርዝር ውስጥ ኤስ፥ ኤም፥ ቢ የሚባሉት ፊደላት በተራቸው የሚገኙበትን ቃል ፈልጎ ሳምባ አለው። በውጭ አገር ቃሉ የብራዚል ጭፈራ መጠሪያ ነው፤ የእኛ ሰው ሲሰማው ግን ትንፋሽ የሚመላለስበትን ሳንባ ያስታውሰዋልና፥ ስሙ ሳይታሰብ ከሥራው ጋር ተስማምቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ሊኑክስ ዲስኩን የሚያደራጅበት መንገድ ከዊንዶውስ የተለየ ከሆነ፥ አንዱ የሌላውን ዲስክ እንዴት ያነባል? መልሱ አያነብም ነው። ጎረቤት እህል ሲበደር በባለቤቱ ጎተራ ውስጥ አይገባም፤ ባለቤቱ ጎተራውን ራሱ ከፍቶ፥ ማሽላውን ሰፍሮ በደጃፉ ይሰጠዋል። እንዲሁም የሊኑክሱ ኮምፒዩተር የራሱን ዲስክ በራሱ መንገድ ከፍቶ፥ የተጠየቀውን ፋይል በኤስ ኤም ቢ ደንብ ለዊንዶውሱ ያቀርብለታል። ጎተራው እንዴት እንደ ተሠራ ማወቅ የተበዳሪው ጉዳይ አይደለም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ሌላ ችግር ነበረብን። ቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደላችን የሚሰጡት ቍጥር የተለያየ ስለ ነበር፥ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል በዓለም የታወቀ ቦታ ሰጠው። በ2003 የወጣው ሳምባ 3.0 የፋይል ስሞችን በዩኒኮድ ማስተላለፍ ቻለ፤ በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። በዚህም አንድ ፋይል «የበጀት ዕቅድ» ተብሎ በፊደላችን ቢሰየም፥ በሁለቱም ወገን ስሙ ሳይበላሽ የሚነበብበት ጊዜ ደረሰ።

የደንቡ ምስጢርነት ጉዳይ በመጨረሻ ወደ ዳኝነት ደረሰ። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 በማይክሮሶፍት ላይ 497 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጥሎ፥ የሌሎች ሰርቨሮች ከዊንዶውስ ጋር የሚግባቡበትን መረጃ እንዲገልጥ አዘዘው። በሉክሰምበርግ የተቀመጠው የአውሮፓ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2007 ውሳኔውን በዋናው ነገር አጸናው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር የሳምባ ሠሪዎች ጽሑፉን በ10,000 ዩሮ ክፍያ ሊያዩ የሚችሉበት ስምምነት ተፈረመ፤ በ2008 ደግሞ ማይክሮሶፍት በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ገጾችን ለሕዝብ ገለጠ። አሥራ ስድስት ዓመት በማድመጥ የተለቀመው ነገር በዚህ ጊዜ በጽሑፍ ተገኘ።

የተከፈተ ደጅ ግን ጥበቃ ይፈልጋል። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ጐጂ ፕሮግራም በዊንዶውስ በነበረው የኤስ ኤም ቢ ጉድለት ገብቶ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር አወከ። ማረሚያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ሳለ ብዙዎች አልጫኑትም ነበር። በዚያው ወር በሳምባም ላይ ከባድ ጉድለት ተገኝቶ ታርሟል። ስለዚህ በቤቱ ፋይል የሚያካፍል ሰው ሁለቱንም ወገን በየጊዜው ያድስ፤ አሮጌውን የደንቡን አንደኛ እትም ይዝጋ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የይለፍ ቃል ይስጥ፤ የሚያካፍለውንም ፎልደር ለቤቱ መስመር እንጂ ለኢንተርኔት አይክፈት። ደግሞም ማካፈል ማለት መጠባበቂያ ማኖር ማለት አይደለም፤ ከጋራው ፎልደር አንዱ ያጠፋው ፋይል ለሁሉም ይጠፋልና፥ ሌላ ቅጂ በሌላ ቦታ ይቀመጥ።

የቤት ውስጥ መስመር ኢንተርኔት አያስፈልገውም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲደርስ ስልክና መብራት ተቋርጦ እንደ ነበር የአካባቢው ሰው አይዘነጋውም። የውጭው መስመር በተቋረጠ ጊዜ፥ መብራት ወይም ባትሪ እስካለ ድረስ አባትና ልጅ በአንዲት ራውተር ፋይላቸውን ሊካፈሉ ይችላሉ።

በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በሚዛወርበት በዚህ ዘመን፥ ፕሮግራም የሚገዛ ሹም ዋጋውን ከጠየቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምር፤ ይህ ዕቃ መዝገባችንን የሚያስቀምጥበትና ከሌላው ጋር የሚነጋገርበት ደንብ ለሁሉ የተገለጠ ነው ወይስ በሻጩ እጅ የተሸሸገ? የተሸሸገ ከሆነ፥ መዝገቡ የእኛ፥ ቁልፉ ግን የሰው መሆኑን ተረድቶ ይፈርም።