ነጭ የደም ሴሎች፦ መፍለቂያቸውና መብሰያቸው

ነጭ የደም ሴሎች ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉ ሲሆኑ፣ መነሻቸው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ያለው ግንድ ሴል ነው። በፅንስ ጊዜ የማምረቱን ሥራ በዋናነት የሚይዘው ጉበት ነው፤ በአዋቂ ግን የዳሌ፣ የደረትና የጀርባ አጥንቶች ይረከቡታል። ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች እዚያው በስለው ወደ ደም ይወጣሉ፤ በቀን 100 ቢሊዮን ገደማ ይመረታሉ። ቢ ሴሎችም የመጀመሪያ እድገታቸውን በመቅኔ ያሳልፋሉ።

የቲ ሴሎች መንገድ ይለያል። ገና ጥሬ ሳሉ ከደረት አጥንት ጀርባ ወዳለው ታይመስ የተባለ እጢ ይጓዛሉ። እዚያ ማጣሪያው እጅግ ጥብቅ ነው፤ የገዛ አካልን የሚያጠቁትም ሆኑ ምንም መለየት የማይችሉት ይወገዳሉ፤ አብዛኞቹ በዚሁ ይቀራሉ። ታይመስ ከጉርምስና በኋላ እየመነመነ ይሄዳል።

የበሰሉት ቢና ቲ ሴሎች በንፍፊትና በጣፊያ ይሰፍራሉ። እግሩ ቆስሎ ያመረቀዘበት ገበሬ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት የሚያብጥበት ሴሎቹ እዚያ ስለሚባዙ ነው። በነቀምት፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ አካባቢ የሚመላለሰው ወባም ጣፊያን ያሳብጣል፤ በሽታው እ.ኤ.አ. በ2024 በምዕራብ ኦሮሚያ ክፉኛ አገርሽቷል።

ኤችአይቪ የሚያጠቃው ሲዲ4 የተባሉትን ቲ ሴሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ ሠራተኞች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ቫይረሱ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ሲዲ4 ቁጥር ከኔዘርላንዳውያን ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ በነቀምትም ሆነ በሌላ የአገራችን ላቦራቶሪ ውጤት ሲነበብ የአውሮፓ መለኪያ ብቻውን አይበቃም። ተመራማሪዎች ከምክንያቶቹ አንዱ የአንጀት ትላትልን ጨምሮ ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ሊሆን እንደሚችል ይገምታሉ።